አባቴ ነፋስ ሲለካ

ያ ድምፅ ተመልሶ የመጣው ከልጄ ስልክ ውስጥ ነው። እኔ ማድ ቤት ቆሜ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር፣ ሰሚራ ሳሎን ተቀምጣ ዜና ታያለች፣ በድንገት እህል ያለቀበት ወፍጮ ድንጋይ ለድንጋይ ሲፋጭ የሚያሰማው ዓይነት ጩኸት ቤቱን ሞላው። ብርጭቆው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ሆላንድ አገር፣ ዴንሃግ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በጠራራ ቀን፣ ውጭ ትራሙ እየደወለ ሲያልፍ፣ እኔ ሽማግሌው ሰውዬ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ።

«ምን ሆንክ አባ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኦርካን ነው፣ አውሎ ነፋስ። አትደንግጥ፣ እዚህ አይደለም። በካሪቢያን ባሕር ነው፣ ነገ ደሴቶቹ ጋ ይደርሳል ይላሉ።»

በኛ አቆጣጠር ጳጉሜ ላይ ነበርን። ሰሚራ ጎረምሳ ልጇን ቤት ትታ ከሮተርዳም፣ ከዴልፍስሃቨን ሰፈር፣ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ቴሌቪዥኑንም ከፈተችው። አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ያለፉትን ትልልቅ አውሎ ነፋሶች በቀይና በቢጫ ቀለም ደርድሮ፣ ይሄኛው ከዚያኛው በዚህ ይበልጣል፣ ያኛው ደግሞ በዚያ ይበልጠዋል እያለ፣ ልክ እንደ በሬ ደላላ ሻኛ እየዳበሰና ጥርስ እየቆጠረ ያወዳድራል። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። አባቴ ይሠራው የነበረ ሥራ ነው።

አባቴ ይማም ይባላል፣ መንደሩ ግን ይማሜ ይለው ነበር። መንደራችን ወሎ፣ ከሐይቅ በላይ፣ ውኃው ቁልቁል በሚታይበት አፋፍ ላይ ነበረች። አባቴ ገና ልጅ ሳለ አንድ ከባድ ነፋስ መጥቶ፣ መስጊዱ ደጃፍ ላይ የነበረውን፣ ስድስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈውን ሾላ ከነሥሩ ነቅሎ ጥሎት ነበር። ያን ነፋስ ያዩት ሰዎች አንድ በአንድ እየሞቱ፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ በዓይኑ ያየ ሰው የቀረው አባቴ ብቻ ነበር። መንደሩ ነፋስን ሁሉ በዚያ በሾላው ነፋስ ነበር የሚለካው፣ ለኪውም አባቴ ነበር።

ሰማዩ ሲጠቁር ከማዶ አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ይማሜ! ከሾላው ጋር እንዴት ነው?» ብሎ ይጣራል። አባቴ አይቸኩልም ነበር። ከአውድማው ጥግ አንድ እፍኝ የጤፍ ገለባ ዘግኖ ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ ወደ ላይ ይበትነዋል፣ ገለባው ወዴት እንደሄደ፣ ምን ያህል እንደሄደ አይቶ፣ ወይ «አይደርስበትም!» ይላል፣ ወይ «ይጠጋዋል!» ይላል። አይደርስበትም ካለ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ይጠጋዋል ካለ ልጁንና ከብቱን ነድቶ ከመንደሩ በታች ወዳለው ዋሻ ይወርዳል። ዋሻው ቁንጫው አያድርስ ነበር፣ ስለዚህ አይደርስበትም ሲል ሰው ሁሉ ይመርቀው ነበር። ስቶም አያውቅም። «ይበልጠዋል» የሚል ቃል ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ወንዙ ገና ሙሉ ሳለ፣ እህቴ ዘሃራ አዝላ ታሻግረኝ ነበር። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ጥርሷ ፍንጭት ነበር፣ ስትስቅ አየር በፍንጭቱ እያመለጠ ያፏጭ ነበር፣ እሱን እያየሁ እኔም እስቅ ነበር። እናቴ በተቆጣች ቁጥር ዘሃራ ከጀርባዋ ቆማ፣ ባዶ እጇን ወደ ላይ እንደ ገለባ በትና፣ እንደ አባቴ አገጯን ቀና አድርጋ አየር አየሯን ታይና፣ «ይጠጋዋል!» ትለኝ ነበር በሹክሹክታ። ሳቄ ያመልጠኛል፣ የሚገረፈው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

በጋ ሲመጣ፣ እህሉ ሲወቃ፣ አባቴ በጣም ይከበር ነበር፣ ምክንያቱም እህል የሚያዘራ ሰው ሁሉ ነፋስ ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ከአውድማው ዳር ተቀምጠው ያለፉትን ነፋሶች እያነሱ ያስበላልጡ ነበር፤ የእንትና ጎተራ የተገለበጠበት፣ አህያ ገደል የገባበት፣ ሁሉም በየተራ ይነሣል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ከሾላው በታች ይሆናል። አንድ ጊዜ ከቆላ የመጣ ጨው ነጋዴ እኔ በረሃ ላይ ያየሁት ነፋስ ከናንተው ይበልጣል ቢል፣ አባቴ «አንተ ያየኸው አሸዋ ነው፣ ነፋስ አይደለም» ብሎት ተነሥቶ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው በመጣ ቁጥር ሰላምታ እንኳ አይመልስለትም ነበር። ጨው የምንገዛው በጎረቤት በኩል ሆነ። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እኔም ከሱ ብዙ አልራቅሁም ይሉኛል።

በልግ ገባ። በልጉ ዝናብ የዘገየበት ዓመት ነበር፣ ሰው ዱዓ ሲያደርግ ከርሞ ነበር። አንድ ቀን፣ ከብት ገና ያልገባበት ሰዓት ላይ፣ ዘሃራ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ባዶ እንስራ ይዛ እየሮጠች ተመለሰች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «አባዬ፣ ሐይቁ ነጭ ሆኗል። ወፎቹ አይበሩም፣ በእግራቸው ሽቅብ እየመጡ ነው» አለች።

እኔም ወጥቼ አየሁ። እውነቷን ነበር። ዳክዬው፣ ሳቢሳው፣ ስሙን የማላውቀው ወፍ ሁሉ ክንፉን ሰብስቦ፣ እንደ ገበያተኛ ተሰልፎ፣ በአቀበቱ መንገድ ወደ መንደራችን ይወጣ ነበር። ወፍ ሲራመድ አይቶ የሚስቅ ልጅ ነበርኩ፣ ያን ቀን ግን አልሳቅሁም።

ከማዶ ጥሪ መጣ። «ይማሜ! ከሾላው ጋር እንዴት ነው?»

አባቴ ገለባውን ዘግኖ ወጣ። በተነው። ገለባው ወደ ቀኝም ወደ ግራም አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ፊቱ ላይ ፈሰሰ። አባቴ ገለባውን ከጢሙ ላይ አራገፈ። እኔ እግሩ ሥር ነበርኩ፣ ፊቱን አየሁት፣ ያን ዓይነት ነገር አይቶ እንደማያውቅ ከፊቱ ላይ አነበብኩ። ከዚያ አገጩን ቀና አድርጎ ጮኸ፤

«አይደርስበትም!»

ማዶ ያሉት መረቁት። በሮች ሲዘጉ ሰማን።

ዘሃራ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባ አለች። «አባዬ፣ ይሄ ይበልጣል።»

«ሾላው ሲወድቅ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ ዝም ብለሽ ግቢ።»

ገባች። አባት ግቢ ካለ ይገባል። እናቴ እኔን ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ ከጎታው ሥር ተቀመጠች፣ አባቴ በሁለት እጁ ምሰሶውን ያዘ፣ ዘሃራ ከግድግዳው ጥግ ቆመች። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ እህል ያለቀበት ወፍጮ። ጉልላቱ ሲበር ሰማሁ፣ ከዚያ ክዳኑ እንደ ባርኔጣ ተነሣና ሰማዩን አየሁት፣ አረንጓዴ ነበር፣ ሰማይ አረንጓዴ ሲሆን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምሰሶው ለሁለት ተሰበረ። የድንጋዩ ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሁሉም ነገር አንድ ጀበና ውኃ እስኪፈላ የሚቆይ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ጸጥ ሲል አባቴ የምሰሶውን ስባሪ እንዳቀፈ ቆሞ ነበር፣ ግድግዳው ደግሞ ዘሃራ ላይ ነበር። አላህ ይማራት።

ሌሎች ሦስት ቤቶችም ፈርሰዋል። የሞተው ግን ከኛ ቤት ብቻ ነው።

ለቅሶው ላይ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። የመንደሩ ትልቁ ሽማግሌ፣ ደግ ሰው ነበሩ፣ አባቴ አጠገብ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይማሜ፣ ይሄ ከሾላው ይበልጣል። ማን ያውቅ ነበር? የአላህ ሥራ ነው» አሉት።

አባቴ ራሱን ሳያነሣ፣ «አይበልጥም» አለ።

«ይማሜ!»

«የሾላው ይበልጣል። እኔ አይቼዋለሁ።»

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወጣች። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ተቀብራ ሦስት ቀን ሳይሞላት፣ ሰውየው ስለ ሾላው ይከራከራል! ልጁን ከነፋሱ አሳንሶ የሚያይ አባት ያለኝ መሰለኝ።

ክረምት ሲገባ ቤቱን ዝቅ አድርገን ሠራነው። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ሲጠቁር ከማዶ የሚጣራ ሰው አልነበረም። መንደሩ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ዋሻው ይወርድ ነበር፣ አባቴም «ሂዱ» ብሎ እኛን ይልከናል፣ እሱ ራሱ ግን ወርዶ አያውቅም፣ ባዶ እጁን ደጃፉ ላይ ቆሞ ይቀር ነበር። እኔ ጎረምሳ ስሆን ደሴ ወረድኩ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ እዚህ። አባቴ ሲሞት አልነበርኩም። ለልጄ የነገርኳት አያትሽ ገበሬ ነበር ብዬ ብቻ ነው። የዘሃራ ስም በዚህ ቤት ተነሥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ያን ቀን የብርጭቆውን ስባሪ ጠርጌ ቆሻሻውን ላወጣ በሩን ስከፍት፣ ሚልድረድ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ናት፣ ከነዚያ ደሴቶች ከአንዱ የመጣች፣ ራይስዋይክ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ሴት። ስልኩን ድምፁን ከፍታ፣ እያለቀሰች ትጮህ ነበር። እኔ ደግሞ ሆላንድኛዬ ከገበያና ከሐኪም ቤት አያልፍም፣ ሰሚራን ጠራኋት።

«ምን ሆና ነው?»

ሰሚራ ጠየቀችልኝ። «እናቷ ናት። ሰማንያ ምናምን ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ሕንፃ እየገባ ነው፣ እሷ ግን ከቤቴ አልወጣም አለች።»

«ለምን?»

«ድሮ ትልቁ የመጣ ጊዜ እዚሁ ቤት ነበርኩ፣ ቤቱ ቆሞ ቀርቷል ትላለች። ይሄኛው ያን አያክልም ትላለች።»

ደረጃው ላይ፣ ከሚልድረድ አጠገብ፣ ቁጭ አልኩ። በዚያ ደረጃ ስንት ዓመት በሆላንድኛ «ዳህ»፣ ሰላም፣ እየተባባልን ተላልፈናል፣ ጎን ለጎን ስንቀመጥ የመጀመሪያችን ነው።

«ስልኩን ስጪኝ በያት።»

«አባ፣ የማታውቃትን ሴትዮ ምን ልትላት ነው?»

«ስጪኝ ብያለሁ።»

እኔ በአማርኛ፣ ሰሚራ በሆላንድኛ፣ ሚልድረድ በአገሯ እንግሊዝኛ፤ ቃሉ በሦስት ሰው አፍ እየተሻገረ ደሴቲቱ ይደርሳል፣ ከዚያ በዚያው መንገድ ይመለሳል። የአሮጊቷ ድምፅ ግን ማንም ሳይተረጉመው ይገባ ነበር፣ የደረቅ ሰው ድምፅ ነው።

«ማነው እሱ?»

«ላይ ቤት ያለው ጎረቤቴ ነው። ኢትዮጵያዊ።»

«አገሩ ባሕር አለው?»

«የለውም በያት» አልኩ።

«ባሕር የሌለው ሰው ስለ አውሎ ነፋስ ምን ያውቃል? ሄዶ ግመሉን ይጠብቅ።»

ሚልድረድ በዚያ ሁሉ እንባዋ መሐል ሳቀች። እኔም ደሜ ፈላ። «ሐይቅ አለው በያት! ስለ ነፋስ ደግሞ ከሷ እኩል አውቃለሁ በያት። አባቴም እንደሷ ነበር። ልጅ ሆኖ አንድ ትልቅ ነፋስ አይቶ፣ የመጣውን ሁሉ በዚያ ሲለካ ኖረ። አይበልጥም አለ፣ ግቡ አለ፣ ገባን። እህቴ ግድግዳ ወድቆባት ሞተች።»

ሰሚራ መተርጎሟን አቆመች። «የትኛዋ እህትህ?»

«ዘሃራ።»

«ዘሃራ የምትባል እህት የለህም።»

«ነበረችኝ። ተርጉሚ።»

«አባ፣ ምን እያልክ ነው? አክስት ነበረችኝ? ዎው፣ ዋህት ኤፈ፣ ቆይ እስቲ...»

«ተርጉሚ ልጄ፣ ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው። ላንቺ በኋላ።»

ሰሚራ ተረጎመችው። ሚልድረድም ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ በራሷ ቋንቋ ዝግ ብላ ነገረቻት። ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ሰው ሚስማር ሲመታ ይሰማል።

«ስንት ዓመቷ ነበር?» አለች አሮጊቷ።

«አሥራ ሁለት።»

«አባትየውስ? በኋላ ምን አለ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «የድሮው ይበልጣል አለ። ቀብረናት ተመልሰን እንኳ ይበልጣል አለ።»

መልሷ በሚልድረድ በኩል፣ በሰሚራ በኩል አልፎ ሲደርሰኝ እንዲህ ነበር፤ «እውነቱን ይሆናል። ለግድግዳው ግን ልዩነት የለውም።»

ቀጥላ የሆነ ነገር አለች፣ ሚልድረድ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን አለች?»

«ጫማዬን የት ነው ያደረግሁት ብላ ሚልድረድን እየጠየቀቻት ነው» አለች ሰሚራ።

ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ሁለት ቀን ምንም ወሬ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ነፋሱ ደሴቲቱ ላይ ሲያልፍ አሳየ፣ ክራቫቱ ያለው ሰው በታሪክ ከታዩት ጋር ማወዳደሩን አልተወም፣ እኔ ግን አጠፋሁት። ሰሚራ ሥራ አልሄድም ብላ እኔ ጋ ቀረች። ሚልድረድ በየሰዓቱ ትወጣለች፣ ሻይ ይዛ ትቀመጣለች፣ ሳትጠጣው ትወርዳለች። በዚያ መሐል ለልጄ ሁሉን ነገርኳት፣ ወፎቹን፣ ገለባውን፣ ለቅሶውን። ስጨርስ ትሰድበዋለች ብዬ ነበር።

«ይበልጣል ቢል ሰው ሁሉ ይቅር ይለው ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ሽማግሌው መውጫ ሰጡት እኮ። ከሁሉም ይበልጣል ካለ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፣ ጥፋቱ የነፋሱ ነው። አይበልጥም ካለ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። መውጫውን አልፈልግም አለ።»

ከስድሳ ዓመት በላይ የተሸከምኩትን ነገር ይህች ልጅ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ገለበጠችው።

«ወይም ዝም ብሎ ደረቅ ነበር» አልኳት።

«ወይም» አለች። «እንዳንተ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚልድረድ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። እናቷ በሰው ስልክ ደውላለች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ናት፣ ደህና ናት፣ የቤቷ ጣሪያ የለም፣ የመኝታ ቤቷ ግድግዳ አልጋው ላይ ወድቋል፣ አሁን የተቆጣችው የሚሰጧቸው ምግብ ጨው የለውም ብላ ነው። ሚልድረድ ይህን እያለች አቀፈችኝ። ሴት ጎረቤት በሰው ፊት አቅፋኝ አታውቅም፣ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

ማታ ልትሄድ ጃኬቷን ስትለብስ፣ ሰሚራ «ዘሃራ ብትኖር አሁን ስንት ዓመቷ ነበር?» አለችኝ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ደነገጥኩ። አሮጊት ትሆን ነበር፣ የሚልድረድን እናት ልታክል ምንም የማይቀራት አሮጊት፣ ምናልባትም ከቤቴ አልወጣም የምትል። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አሮጊት አድርጌ አስቤያት አላውቅም። ያኔ እኔ ጀርባዋ ላይ ታዝዬ ወንዝ የምሻገር ትንሽ ወንድሟ ነበርኩ፣ በሁሉ ነገር እሷ ትቀድመኝ ነበር፤ ዛሬ እኔ ፀጉሬ ነጥቶ፣ ጉልበቴ ደክሞ፣ ሦስት ፎቅ ለመውጣት መሐል ላይ አርፋለሁ፣ እሷ ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከልጄም ከልጅ ልጄም ታንሳለች።